ሯጩ ምን ይዟል?



በእኛ አገር ትልቅ ሰው ያለ ነገር አይሮጥም። ልጅ ይሮጣል፤ እረኛም ከብቱ ከሰው ማሳ ሲገባበት ይሮጣል። ጢሙ ሸበት ያለ ሰው ሲሮጥ ከታየ ግን ወይ ቤት ተቃጥሏል፣ ወይ ከብት ተነድቷል፣ ወይ ሰው ሞቷል። ስለዚህ 54 ዓመት የሞላው የአንድ አጥቢያ መጋቢ በአንበሳሜ ዙሪያ በማለዳ ሶምሶማ ሲሮጥ ቢታይ፣ ያየው ሁሉ ምን እንደሚያስብ መገመት አያዳግትም።

ሩጫ የጀመርኩት ስፖርት ወድጄ አይደለም። አንድ ጤና መኮንን የደም ግፊቴን ለክቶ፣ «ፓስተር፣ ተቀምጠው ያነባሉ፣ ተቀምጠው ያማክራሉ፣ ለቅሶ ቤትም ሄደው ይቀመጣሉ። እባክዎ ይንቀሳቀሱ» አለኝ። በእግር መሄድ ጀመርኩ። ከጥቂት ወራት በኋላ ርምጃው ወደ ሶምሶማ ተለወጠ። አሁን በሳምንት ሦስት ቀን ጎሕ ሲቀድ እወጣለሁ። አንድ ሰልባጅ ጫማ፣ አንድ ቱታ፣ ለውሻ ደግሞ አንዲት ዱላ አለችኝ፤ ውሻ የሚሮጥ ሰው አይወድምና።

አንዳንድ ቀን ወደ ሐሙሲት በሚወስደው መንገድ እሄዳለሁ፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ በእስቴ በኩል። የእስቴ ከተማ ስሟ መካነ ኢየሱስ ስለሆነ ወጣቶቻችን፣ «ፓስተር ዛሬም ወደ መካነ ኢየሱስ ሲሮጡ ታዩ፤ ቤተ እምነት ሊቀይሩ ነው እንዴ?» እያሉ ይስቁብኛል።

ደራን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። መስከረምና ጥቅምት ላይ ኑጉ ሲያብብ ሜዳው ቢጫ ይለብሳል፤ ጤፉና ዳጉሳው ጠል ስለሚያቁር በማሳ ዳር የሮጠ ሰው እስከ ጉልበቱ ርሶ ይመለሳል። ክረምት ላይ የመረሬው ጭቃ ጫማን እንደ ድንጋይ ያከብዳል። ነሐሴ ሲገባ የእረኞች ጅራፍ ከኮረብታ ኮረብታ ይጮኻል፤ ቡሄ ደርሷል ማለት ነው። በደቡብ ጎንደር ከእርሻና ከግጦሽ የተረፈ ጥንታዊ ደን ማየት የሚፈልግ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ዐጸድ ውስጥ ነው። እኔም በዚያ ጥላ ሥር ሳልፍ ርምጃዬን ቀነስ አደርጋለሁ፤ ነጭ ለብሰው ለቅዳሴ የሚሄዱትን እናቶችና አባቶች «እንዴት አደራችሁ» ብዬ አልፋለሁ።

ለሰላምታዬ የማገኘው መልስ ግን በመጀመሪያዎቹ ወራት ሁልጊዜ ጥያቄ ነበር። «ምነው? ሰላም ነው?» «ጋሼ፣ ማን ሞተ?» አንድ ሽማግሌ አንድ ቀን ሲያርሱ አዩኝና በሬዎቻቸውን አቁመው፣ ጅራፋቸውን ጥለው ወደ መንገዱ መጡ። ከጎኔ ጥቂት ርምጃ ሮጡና፣ «ይንገሩኝ፤ ማንን ልጥራ?» አሉኝ። ማን እንደሆንኩ አያውቁም። ክፉ ወሬ የያዝኩ መስሏቸው ሸክሙን ሊካፈሉኝ ነበር የመጡት። «ሰላም ነው አባቴ፣ ምንም የለም። ለጤናዬ ነው» አልኳቸው። ቆም ብለው ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። «ለጤናዎ? ጤነኛ ሰውማ ምን ያስሮጠዋል?» ብለው ወደ በሬዎቻቸው ተመለሱ።

ሳቅሁ። ጥያቄያቸው ግን ከእኔ ጋር ሮጠ። የሚሮጥ ሰው መልእክት ይዟል ብሎ የሚያምን ሕዝብ መካከል እንኖራለን። እኛ ደግሞ መልእክት ይዘናል ብለን የምንሮጥ ሰዎች ነን። ታዲያ ምንድን ነው የያዝነው?

ሩጫን የሚያውቁ ሰዎች ለጀማሪ የሚሰጡት አንድ ቀላል ምክር አለ፤ ስትሮጥ መናገር እስክትችል ድረስ ብቻ ፍጠን። አጠገብህ ላለ ሰው አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ ትንፋሽ ካጠረህ ከአቅምህ በላይ እየሄድህ ነው። ከባሕር ወለል 2000 ሜትር ገደማ ከፍ ባለው በእኛ አካባቢ አየሩ በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ሰውነት ይህን ሲያውቅ ኩላሊት ምልክት ይሰጣል፤ መቅኔም ተጨማሪ ቀይ የደም ሕዋሳት ያመርታል። ይህ ሁሉ ግን በአንድ ቀን አይሆንም፤ ሳምንታት ይፈልጋል። ማንም ሳያይ፣ ማንም ሳያጨበጭብ፣ በዝግታ በተሮጡ ብዙ ማለዳዎች ነው ጉልበት የሚሠራው። ለመጋቢ ይህ ትልቅ ትምህርት ነው። መልእክተኛ ሲደርስ አፉን ከፍቶ መናገር ካልቻለ መድረሱ ለማን ይጠቅማል?

እንዲያውም የረጅም ርቀት ሩጫ ራሱ ከመልእክተኛ የተወለደ ነው። ማራቶን ስሙን ያገኘው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ490 የግሪኮችን ድል ለማብሠር ከማራቶን ሜዳ ወደ አቴና ሮጦ፣ መልእክቱን ተናግሮ ወድቆ ሞተ ከሚባለው ሰው ታሪክ ነው። ታሪኩ ከብዙ ዘመናት በኋላ የተጻፈ አፈ ታሪክ ቢሆንም፣ በ1896 አቴና ላይ የተጀመረው የኦሊምፒክ ማራቶን መነሻው እርሱ ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን ደግሞ የራሳችን ሯጭ አለን። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ያሸነፈው እንደ ፈረንጆቹ መስከረም 10 ቀን 1960 ነው። በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ይሆናል፤ የአዲስ ዓመት ዋዜማ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ወደ ሮም በተወሰደው በአክሱም ሐውልት አጠገብ አልፎ ነበር የገባው። በእጁ ደብዳቤ አልያዘም፤ ነገር ግን ያ ሩጫ ለአገሩ ምን መልእክት እንደነበረ ለመንገር ማንም አላስፈለገም።

መጽሐፍ ቅዱስም የሁለት ሯጮችን ታሪክ ይነግረናል። በ2ኛ ሳሙኤል 18፥19–33 ይገኛል፤ እባካችሁ ዛሬ ማታ ሙሉውን አንብቡት። አቤሴሎም በአባቱ በዳዊት ላይ ዐምፆ ጦርነት ሆነ፤ አቤሴሎምም ሞተ። የሳዶቅ ልጅ አኪማአስ ለንጉሡ ወሬውን ልውሰድ ብሎ ለመነ። ኢዮአብ ግን የንጉሡ ልጅ ሞቷልና ዛሬ አንተ ወሬ ነጋሪ አትሆንም ብሎ ከለከለው፤ አንድ ኩሻዊ ጠርቶም ያየህውን ሂድና ንገር አለው። ኩሽ ከግብፅ በስተ ደቡብ፣ በእኛው በአባይ ወንዝ አቅጣጫ ያለ አገር ነው። የዚህን ሰው ስም አናውቅም፤ መጽሐፉ የነገረን አገሩን ብቻ ነው።

አኪማአስ አልተቀመጠም። የሆነው ይሁን ብቻ ልሩጥ አለ። ኢዮአብ በመጨረሻ ለቀቀው፤ እርሱም በሜዳው መንገድ ሮጦ ኩሻዊውን ቀደመው። ፈጣን ነበር፤ መንገድም ያውቃል። ዳዊት በሁለቱ በሮች መካከል ተቀምጧል። ጠባቂው ብቻውን የሚሮጥ ሰው አየሁ ሲል፣ ዳዊት ልክ እንደ ደራ ገበሬ አሰበ፤ ብቻውን የሚሮጥ ከሆነ በአፉ ወሬ አለ ማለት ነው። አኪማአስ ደርሶ የመጀመሪያ ቃሉ ሰላም የሚል ነበር። ዳዊት ግን የጠበቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጄ አቤሴሎም ሰላም ነው? አኪማአስ ከኢዮአብ አፍ ሰምቶ ነበር። ሆኖም ትልቅ ሁከት አይቻለሁ፣ ምን እንደሆነ ግን አላወቅሁም ብሎ መለሰ። ንጉሡ ዘወር በልና ቁም አለው። ቀድሞ የደረሰው ሯጭ ዳር ላይ ቆሞ፣ ኋላ የደረሰው ኩሻዊ የተላከበትን እስኪናገር ጠበቀ።

በሥነ መለኮት ኮሌጅ ሳለሁ ስለዚህ ክፍል አንድ ነገር ተምሬ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። በዚህ ታሪክ ደጋግሞ የሚመጣው የዕብራይስጥ ቃል በሶራ ነው። ከእኛ ብስራት ጋር ሥሩ አንድ ነው። የብሉይ ኪዳንን ወደ ግሪክኛ የመለሱት ሊቃውንት ደግሞ በዚህ ቦታ የተጠቀሙበት ቃል፣ በኋላ በአዲስ ኪዳን ወንጌል ተብሎ ከምናውቀው ቃል ጋር ሥሩ አንድ ነው። እንግዲህ ብስራትም ወንጌልም የሯጭ ቃሎች ናቸው። ሮጦ ለመጣ፣ ልብ እየመታ በር ላይ ለቆመ መልእክተኛ የተሰጡ ቃሎች።

ወገኖቼ፣ በዘመናችን አኪማአሶች በዝተዋል። እግራቸው ፈጣን ነው፤ መንገዱን ያውቁታል፤ ከሁሉ ቀድመው ይደርሳሉ። ሲደርሱም ቃላቸው ሰላም ነው። ይሳካልሃል፣ ይከፈትልሃል፣ በዚህ ወር ያልፍልሃል። ነገር ግን ልጇ ያልተመለሰላት እናት ልጄስ ብላ ስትጠይቅ መልስ የላቸውም። በዚህ ዘመን በክልላችን ስንት እናት ናት በር በሩን የምታይ! ለእርሷ ሁከት አይቻለሁ ምን እንደሆነ ግን አላወቅሁም የሚል ሰባኪ አያስፈልጋትም። እግዚአብሔር በኤርምያስ 23፥21–22 ሳይልካቸው ስለሮጡ፣ ሳይነግራቸውም ስለተናገሩ ነቢያት አዝኖ ይናገራል። ቢላኩ ኖሮ ምን ማድረግ ነበረባቸው? በምክሩ መቆም። ከመሮጥ በፊት መቆም አለ፤ ከመናገር በፊት መስማት አለ። ጳውሎስም በሮሜ 10፥15 ካልተላኩ እንዴት ይሰብካሉ ብሎ ይጠይቃል።

ይህ ቃል ለእኔ የከበደኝ በአንድ ሌሊት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ስልክ ተደወለልኝ። ከኅብረታችን አንድ ወጣት ለሥራ በሄደበት ሩቅ ከተማ ታሞ ዐርፏል። እናቱ የሚኖሩት ከአንበሳሜ ወጣ ብሎ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሮጥኩ በማልፍበት ኮረብታ ሥር ነው። የኦርቶዶክስ አማኝ ናቸው። ልጃቸው ወደ እኛ መምጣቱ አስቀይሟቸው ስለነበር፣ በደጃፋቸው ሳልፍ ሲያዩኝ ፊታቸውን ያዞሩ ነበር።

ከወጣቶቹ አንዱ፣ «ፓስተር፣ እርስዎ ሯጭ ነዎት፤ ከሌላ ሰው አፍ ሳይሰሙ ቶሎ ይድረሱላቸው» አለኝ። አሳቡ ከፍቅር የመጣ ነው። መርዶ ግን እንደዚያ አይነገርም። አባቶቻችን ለመርዶ ሥርዓት አበጅተውለታል። ሊነጋጋ ሲል ይነገራል፤ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ የንስሐ አባት ተጠርተው፣ የሚወድቀውን የሚደግፍ ክንድ በዙሪያው ተዘጋጅቶ። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ትልቅ ጥበብ አለ። ወሬው እውነት ስለሆነ ብቻ እንደ ድንጋይ አይወረወርም።

ስለዚህ ወደ ንስሐ አባታቸው ቤት ሄድኩ። መምሬ ጋቢያቸውን ደርበው፣ መስቀላቸውን ይዘው ወጡ። ጎረቤቶችን ቀሰቀስን። ያን ዳገት ብዙ ቅዳሜ ሮጬዋለሁ፤ በዚያ ሌሊት ግን በመምሬ ርምጃ ነው የወጣሁት። ብዙም አልተነጋገርንም። እርሳቸው በዝግታ ይጸልያሉ፤ እኔም በልቤ እጸልያለሁ።

እናት በሩን ከፍተው ሁለታችንን አንድ ላይ ሲያዩን ገባቸው። መምሬንና እኔን በዚያ ሰዓት በአንድ ደጃፍ የሚያቆም ሌላ ምን ነገር አለ? «ልጄ ሰላም ነው?» አሉ። የዳዊት ጥያቄ ነው፤ ቃል በቃል። መምሬ ቀረብ ብለው፣ «ልጅሽ ዐርፏል፤ እግዚአብሔር ያጽናሽ» አሏቸው። አላድበሰበሱትም። ክንዶቹም ተዘጋጅተው ስለነበር እናት መሬት አልነካቸውም።

ከአርባ ቀን በኋላ በዚያው መንገድ ስሮጥ ከደጃፋቸው ሆነው ጠሩኝ። «ቡና ደርሷል፤ ግቡ» አሉ። ላቤን ጠራርጌ ገባሁ። አቦሉን ቀዱልኝ። ከዚያ ዐይኔን እያዩ፣ «ልጄ ምን ሰምቶ ነው እናንተ ዘንድ የመጣው? ያንን ንገሩኝ» አሉ።

ትንፋሽ ነበረኝ፤ መናገር ቻልሁ። የዳዊትን ታሪክ ነገርኳቸው። ኩሻዊው የያዘው ወሬ ሁለት ነገር በአንድ ላይ እንደነበር፣ ንጉሡ ድል ማድረጉና የንጉሡ ልጅ መሞቱ። ዳዊት በበሩ ሰገነት ላይ ወጥቶ፣ ልጄ ሆይ በአንተ ፋንታ እኔ በሞትሁ እያለ እንዳለቀሰ። አባት ነውና ተመኘ፤ ምኞቱ ግን ዐመፀኛውን ልጅ አላስነሣውም። «እማማ» አልኳቸው፣ «ልጅዎ የሰማው ብስራት እንዲህ ነው። በእኛም ወሬ ውስጥ የንጉሡ ልጅ ሞቷል። ነገር ግን ይህ ልጅ ዐመፀኛ አልነበረም፤ የሞተው በዐመፀኞቹ ፋንታ ነው። ዳዊት ተመኝቶ ያልቻለውን እርሱ አደረገው። በሦስተኛውም ቀን ተነሣ።»

ዝም አሉ። ቶናውን ቀዱልኝ። ከዚያ፣ «ይሄንንማ መምሬም ይሉታል» አሉ።

«አዎ እማማ፣ ይሉታል። ልጅዎ ግን ለራሱ እንደተላከ መልእክት ሰማው፤ በስሙ እንደተጠራ ሰው ተነሥቶ ተቀበለው» አልኩ። ከዚያ በላይ አልጨመርኩም፤ እርሳቸውም አልጠየቁኝም። በረካውን ጠጥቼ፣ ጸልየንም ወጣሁ። የልባቸውን የሚያውቀው ጌታ ነው። ከዚያ ወዲህ ስሮጥ ካዩኝ እጃቸውን ያነሣሉ፤ ፊታቸውን አያዞሩም።

የተወደዳችሁ፣ በአገልግሎት ላይ ላላችሁ አንድ ነገር ልበል። ፍጥነታችሁን ሳይሆን መልእክታችሁን መርምሩ። በ1ኛ ቆሮንቶስ 9፥26 ጳውሎስ ግብ እንደሌለው ሰው እንደማይሮጥ ይነግረናል። ከእግዚአብሔር ፊት የምትቆሙበት ማለዳ ይኑራችሁ፤ ማንም የማያየው፣ ፎቶ የማይነሣ፣ በዝግታ የሚሮጥ ማለዳ። በዚያ የተሠራ ጉልበት ነው ሰው በራፍ ላይ ስትደርሱ ትንፋሽ የሚሆናችሁ። ልቡ ለተሰበረ ሰው ስትሄዱም አትሽቀዳደሙ፤ በእርሱ ርምጃ ሂዱ። እውነቱን ግን አታስቀሩበት።

ገና በመፈለግ ላይ ላላችሁ ደግሞ፣ ሮጦ ወደ እናንተ የሚመጣ ሁሉ መልእክት የያዘ አይምሰላችሁ። ያንን የደራ ገበሬ ምሰሉ። በሬዎቹን አቁመው እንደጠየቁ እናንተም ያዝ አድርጋችሁ፣ «ምን ይዘህ ነው?» በሉት። የሚነግራችሁ ስለ ራሱ ስምና ስለ እናንተ ሀብት ብቻ ከሆነ ዳር ላይ ይቁም። ስለሞተውና ስለተነሣው የንጉሥ ልጅ ከነገራችሁ ግን ዘግይቶም ቢሆን፣ እግሩ በመረሬ ጭቃ ተለውሶም ቢሆን ስሙት። ኢሳይያስ በ52፥7 በተራሮች ላይ ውብ ናቸው ያላቸው እግሮች እንዲህ ያሉት ናቸው፤ ውበታቸው ከያዙት ወሬ የመጣ ነው።

ጌታ የሚሮጡትን እግሮቻችሁን ይጠብቅ፤ ለሚጠይቃችሁም ሁሉ የምትመልሱትን ብስራት በአፋችሁ ያኑር። አሜን።